የአያቴ ቁም ሳጥን ሽታው አልለቅ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

የቆጪዋ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። አያቴ ካረፈች በኋላ ቁም ሳጥኗና አንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለእኔ ደረሱኝ። ቁም ሳጥኑ ዋንዛ ነው ይላሉ። በርጩማው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ የእኛው የጅማ ሥራ ነው። ችግሩ ሁለት ክረምት ሙሉ ሰው በማይገባበት ጓዳ ተዘግቶባቸው ነበር። በሩን ስከፍተው የሻጋታው ሽታ ሊጥለኝ ይደርሳል፤ ጀርባው ላይ ነጭ ነገር እንደ ዱቄት ተነስንሶበታል። በርጩማውማ ከመጥቆሩ የተነሳ ቅርጹ አይለይም፤ ዕድሜ ልኳን ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ ቡና ያፈላችበት ነው። ባለቤቴ «በብርጭቆ ወረቀት አስፍቀን ቫርኒሽ እናስቀባው፣ አዲስ ይሆናል» ይላል። እኔ ልቤ አልፈቀደም። አንዷ ጎረቤት በኦሞ እጠቢው አለች፣ ሌላዋ በረኪና አለች። እስቲ የሞከራችሁ ንገሩኝ፣ ሳላበላሸው።

ጋሼ መጋዝ

ልጄ፣ መጀመሪያ ኦሞውንም በረኪናውንም ወደ ቦታቸው መልሺ። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጣመማል። በረኪና ደግሞ ቦታ ቦታውን ያነጣዋል፣ ያንን መመለስ የለም።

ሻጋታውን ቤት ውስጥ እንዳታራግፊ። ደጅ አውጪው፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው። ከዛ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለሽ ጨርቅ ንከሪና ጠብ እስከማይል ጭምቅ አድርጊው፣ ወልውይበት፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተከተይው። መሳቢያዎቹን አውጥተሽ፣ በሮቹን ከፍተሽ የጠዋት ፀሐይና ነፋስ ያግኘው። ቀትር ላይ ግን አትተዪው።

በርጩማው ላይ ያለው ጥቁር አብዛኛው ጭስና የእጅ ቅባት ነው። አኳራጅ፣ የቀለም ማቅጠኛው፣ የነካ ጨርቅ ይዘሽ መጀመሪያ ከሥሩ፣ ሰው የማያየው ቦታ ላይ ሞክሪ። ጨርቁ ቡናማ ይዞ ከመጣ እድፉ እየለቀቀ ነው። መስኮት ክፈቺ፣ እሳት አጠገብ አይሁን። ደግሞ ሁሉንም ካላነጣሁ አትበይ። መቀመጫው መሃል ላይ ያለውን ማማር አያትሽ ናት በመቀመጥ ያወጣችው። ብርጭቆ ወረቀት ካነሳሽ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። ለባለቤትሽም ይህንኑ ንገሪልኝ።

ፈረንጅ አራዳ

ጋሼ ስለ ፀሐዩ ያሉት እውነት ነው፣ እኔ ከፍዬበታለሁ። የእናቴን በርጩማ በሳሙና አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼው ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ከጠርዙ እስከ መሃል ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ! አንድ ወጥ እንጨት ስለሆነ ላዩ ደርቆ ሲሸበሸብ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ ስለዚህ ይፈነዳል። እስቱኮ ሞልቼበት አሁን ድመቷ ናት የምትተኛበት 😂

ግን ካጸዳሽው በኋላ ትንሽ የምግብ ዘይት ቀቢው፣ ያበራል።

ጋሼ መጋዝ

አይ፣ የምግብ ዘይቱን ተዪው። ለሳምንት ያበራል፣ ከዛ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ሲቆይም ይሸታል። በደንብ የሚደርቀው የተልባ ዘይት ነው። በጣም ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ ቀናት ይፈልጋልና ታገሺው።

አንድ ነገር አደራ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ ማንም ሳይነካው እሳት ሊነሳ ይችላል። ደጅ ዘርግተሽ አድርቂው፣ ወይ ውሃ ውስጥ ንከሪው።

ንጹሕ ሰም ካገኘሽም ጥሩ ነው። ሰሙን በጣሳ አድርገሽ የፈላ ውሃ ውስጥ አቅልጪው፣ ከእሳት አርቀሽ ብቻ አኳራጅ ጨምሪበት፣ አንድ እጅ ሰም ለሦስት እጅ አኳራጅ። ሲቀዘቅዝ እንደ ጫማ ቀለም ይሆናል፤ ቀብተሽ ትወለውያለሽ።

ቡና ቤት አይደለም

ለሽታው ጅማ ተቀምጠን ሌላ ምን እንመክራለን፣ የተፈጨ ቡና በስኒ አስቀምጪ ይሉሻል። እኔም አስቀምጬ ነበር። ያገኘሁት የሻገተ ቡና የሚሸት ቁም ሳጥን ነው። ቡና ሽታውን ይሸፍናል እንጂ እርጥበቱን አያነሳም። ከሰል ይሻላል፣ በሳህን መሳቢያው ውስጥ፣ በየጊዜው እየቀየርሽ።

ደግሞ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው፣ እግሩን ጡብ ላይ አውጪው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት ከተማ ናት። ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ ከዘጋሽው በሚቀጥለው ክረምት እዚሁ መጥተሽ ይህንኑ ትጠይቂናለሽ።

የቆጪዋ

እግዜር ይስጥልኝ! ጋሼ እንዳሉት ከሥሩ ጀመርኩ። ጨርቁ ቡና የፈሰሰበት መሰለ። አራት ጨርቅ ቀይሬ ስጨርስ ጠርዙ ዙሪያውን በቢላ የተቆረጠ ስስ መስመር ወጣ፣ ልጅ ሆኜ ጀምሬ ስቀመጥበት አይቼው የማላውቀው። ባለቤቴም ዝም ብሏል።

አሁን ግን ሌላ ጣጣ። ቁም ሳጥኑ ታችኛው ጣውላ ላይ መርፌ የወጋው የመሰሉ ክብ ቀዳዳዎች አየሁ። ነቀዝ ነው?

ጋሼ መጋዝ

ሳይሆን አይቀርም። አሁን መኖሩን ግን ቀዳዳው አይነግርሽም፣ የድሮ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በደንብ ጥረጊና ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፊ። ጥቂት ሳምንት ቆይተሽ እዪው። ወረቀቱ ላይ አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ካለ እየበላ ነው፣ ዘይቱንም ሰሙንም አቁመሽ ጻፊልኝ። ከሌለ ቀጥዪ።