የሁለት ሳምንት የዱር እንስሳት ዳሰሳ ለመንገድ ሥራ ይበቃል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። አንድ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ቡድን ውስጥ ነው የምሠራው። አዲስ የሚገነባው መንገድ ከፊሉ በደን፣ ከፊሉ በረግረግ ያልፋል፤ የዱር እንስሳቱ ክፍል የእኔ ድርሻ ነው። የተሰጠኝ ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው፣ እሱም በደረቁ ወቅት። አለቆቼ «ዞር ዞር ብለህ ያየኸውን ጻፍ» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር እስካሁን በዓይኔ ያየሁት ጥቂት ነው። ግን ረግረጉ ዳር የደረቀው ጭቃ በኮቴ ዱካ ተሞልቷል፤ ሣሩ ውስጥም እንስሳት ሲመላለሱ ያወጡት ቀጭን መንገድ አለ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ውኃው የሚወርድ። «ጉልህ ተጽዕኖ የለውም» ብዬ መፈረም ሆዴ አልወደደውም። ምን ላድርግ? ደግሞስ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እስከ የት ድረስ ነው ማጥናት ያለብኝ?

መልስ 1
ወንድሜ፣ በዚህ ማስረጃ አትፈርም። አላየሁም ማለት የለም ማለት አይደለም። ብዙ የእንቁራሪት ዝርያዎች በደረቅ ወቅት ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ነው የሚያሳልፉት፤ መኖራቸው የሚታወቀው ዝናብ ጥሎ መጮኽ ሲጀምሩ ነው። የሚፈልሱ ወፎች ደግሞ የራሳቸው ወራት አላቸው። የሌሊት ወፍንማ ቀን ዞረህ ከየት ታገኛታለህ?

ያየኸው ዱካ ግን ትልቅ ነገር ነው። ማስመሪያ አጠገቡ አድርገህ ፎቶ አንሳው፣ ቦታውን በጂፒኤስ መዝግብ። በዚያ ቀጭን መንገድ ላይ በእንቅስቃሴ የሚነሱ ካሜራዎች ትከል፤ አንተ ከሄድክ በኋላም ሌሊትና ቀን ይሠራሉ። ረግረጉ ጋ የድምፅ መቅጃ አስቀምጥ። የውኃ ናሙና ወስዶ በዲኤንኤ መመርመርም ይቻላል፤ የትኞቹ ዓሦችና እንቁራሪቶች እንዳሉ ይጠቁምሃል፣ ስንት እንደሆኑ ግን በእርግጠኝነት አይነግርህም። እዚያው የሚያግዱና ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችንም ጠይቅ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያዩት እነሱ ናቸው። በተረፈ ቢያንስ አንድ የዝናብ ወቅት ዳሰሳ እንዲጨመር በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል የተባለ ነገር ኋላ ማንም አያስታውሰውም።

መልስ 2
የመንገድ መሐንዲስ ነኝ፣ ስለ ወሰኑ ልጨምር። አስፋልቱ የሚያርፍበት መሬት የጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው። የድንጋይ ካባው የት ነው? የአፈር መቆፈሪያው፣ የሠራተኞች ካምፑ፣ ማሽን የሚመላለስበት ጊዜያዊ መንገድ፣ ትርፍ አፈር የሚደፋበት ቦታስ? ዲዛይን ላይ ገና ካልተወሰኑ አሁኑኑ ይወሰኑ በል፤ አለዚያ ኮንትራክተሩ የሚቀርበውን መሬት ይይዛል፣ የሚቀርበው ደግሞ ረግረጉ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ውኃውን ተከተል። ረግረግ ላይ የተከመረ የመንገድ አፈር ግድብ ማለት ነው። ማሳለፊያው በቂ ካልሆነ በላይ በኩል ውኃ ይተኛል፣ በታች በኩል ይደርቃል፤ ጉዳቱ ከመንገዱ በጣም ርቆ ይወጣል ማለት ነው። ቱቦውም ከወንዙ ወለል ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አይችልም፣ ይሄን ስንት ቦታ አይቻለሁ! ስለዚህ ለሁሉም እንስሳ አንድ የሜትር ልክ አይሠራም። ለእንቁራሪት መራቢያ ኩሬዋንና ደረቁን ወር የምታሳልፍበትን መሬት አንድ ላይ አስብ፤ ሰፊ ክልል ለሚዞር አጥቢ ደግሞ መተላለፊያውን።

መልስ 3
ሁለቱም ጥሩ ብለዋል፣ ግን አንድ ነገር ቀረ። ግምገማው መንገዱ የሚያልፍበት መስመር ሳይወሰን መድረስ አለበት። ዶዘር ከገባ በኋላ የሚደረግ ጥናት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ጉዳቱን ማስቀረት፣ ካልተቻለ መቀነስ፣ ከዚያ የተጎዳውን መልሶ ማልማት፣ በመጨረሻ ማካካስ። ብዙ ሪፖርት ግን ከመጨረሻው ይጀምርና «ችግኝ ይተከላል» ብሎ ይዘጋል። በችግኝ ረግረግ አይተካም! የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን 6ኛው የአፈጻጸም መስፈርት እንኳ (የ2012ቱን ማለቴ ነው) ወሳኝ በሚባል መኖሪያ (ለምሳሌ ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎች በሚኖሩበት) ላይ የተጣራ ጭማሪ፣ ማለትም ከሚጠፋው በላይ መተካትን፣ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከእንዲህ ዓይነት አበዳሪ ከሆነ ይሄ ጥሩ መከራከሪያህ ነው።

መቀነሻ ሥራ በደንብ ከተሠራ ለውጥ ያመጣል። ካናዳ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አውራ ጎዳናውን አጥረው፣ ለእንስሳት ከላይና ከሥር መሻገሪያ ሠርተው የተሽከርካሪና የዱር እንስሳት ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። አጥሩና መሻገሪያው አብረው በመሠራታቸው ነው እንጂ ድልድይ ብቻውን ብዙ አይፈይድም።

ጠያቂው
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ካሜራዎቹን ነገ እተክላለሁ። ግን ጊዜ አንጨምርም ቢሉኝስ? ሪፖርቱን ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ 1
የሠራኸውን ልክ በልኩ ጻፍ። በየትኛው ወር፣ በቀን ወይስ በሌሊት፣ ስንት ካሜራ፣ ለስንት ሌሊት። ከዚያ እንዲህ በል፦ «ዳሰሳው የተካሄደው በደረቅ ወቅት ብቻ ስለሆነ በዝናብ ወቅት ስለሚራቡ ዝርያዎች ድምዳሜ መስጠት አይቻልም።» ቀጥለህም ምንጣሮ ከመጀመሩ በፊት ጎጆና መራቢያ ቦታ እንዲፈተሽ በቅድመ ሁኔታ አስገባ። ግንባታ የማይነካውን ተመሳሳይ ረግረግም አሁኑኑ አብረህ መዝግብ፤ ኋላ ላይ ወፎቹ ቢቀንሱ ድርቅ ነው ወይስ መንገዱ የሚለውን የምትለየው በእሱ ነው። አለቃህ «ጉልህ ተጽዕኖ የለውም» የሚለውን ይጨመር ካለ ራሱ ጽፎ ይፈርምበት።