ጥያቄ፦ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ባለቀለም ኩኪስ ኦቨን ውስጥ ለምን ይፈሳል?

የማክዳ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው። ልጄ ታህሳስ ውስጥ 6 ዓመቷን ትይዛለች። ለልደቷ ኬክ አልፈልግም ብላለች። የምትፈልገው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ኩኪስ ነው፤ ሲበላም ፍራፍሬ ፍራፍሬ እንዲል።

የምሰራው እንዲህ ነው፦ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳር፣ 125 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 1 እንቁላል፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ሩብ ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ። ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨን አለኝ። ቅርጽ አውጥቼ ሳስገባው ያምራል። ሲወጣ ግን ተዘርግቶ አንዱ ካንዱ ተጣብቋል፤ ውስጡም እንደ ኬክ ይለሰልሳል። በቀይ ስር ያቀላሁት ቡናማ ይሆናል። ማንጎውም ጣዕሙ የለም። የሱቅ ቀለም ማብዛት አልፈልግም። የነቢያት ጾም ስለሆነ ደግሞ ለትልልቆቹ የጾም አሰራር ካላችሁ ጨምሩልኝ።

ጋጋሪው፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀንሺ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ በብዛት ይነፋል። ሊጡ ሳይጠነክር ይወጠርና ተመልሶ ይተኛል። በየቪዲዮው የምናየው ልክ ብዙውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የተሰራ ነው። እንዳለ ሲገለበጥ እኛ ጋ አይሰራም።

ስኳሩንም ወደ 125 ግራም አውርጂው። ስኳር ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ሲበዛ ኩኪሱን ይዞት ይሄዳል። ዱቄቱ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ። ቅቤና ስኳሩን ስትመቺ ደግሞ እስኪዋሃድ ብቻ ይሁን። እንደ ኬክ እስኪነጣ ከተመታ አየር ይይዛል፣ እሱም ያስፋፋዋል።

ትልቁ ነገር ግን ጭማቂው ነው። ሩብ ብርጭቆ ውሃ ጨመርሽ ማለት ነው እኮ። የኩኪስ ሊጥ ውሃ አይወድም። ጭማቂውን አውጪው።

የማክዳ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ጭማቂው ከወጣ ጣዕሙን ከየት ላምጣው?

የጓዳ ሰው፦
ከልጣጩ! የብርቱካን ሽታ ያለው ልጣጩ ላይ ባለው ዘይት ውስጥ ነው። ጭማቂው ጣፋጭና ጎምዛዛ ነው እንጂ ሽታው ያን ያህል አይደለም፤ እሳት ሲነካው ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

ብርቱካኑን በሞቀ ውሃ በደንብ እጠቢው። በካሮት መፈቅፈቂያው ትንሹ ቀዳዳ ላዩን ብቻ ፈቅፍቂው። ነጩ ሲመጣ አቁሚ፣ እሱ መራራ ነው። ልጣጩ አረንጓዴ የሆነው የአገራችን ብርቱካንም ያው ሽታውን ይሰጣል። ከዚያ የተፈቀፈቀውን ከለካሽው ስኳር ጋር አድርገሽ በጣቶችሽ እሺው። ስኳሩ እየረጠበ ይመጣል፣ እንደ እርጥብ አሸዋ ይሆናል፣ ቤቱም ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ያኔ ቅቤውን ጨምሪ። ለዚህ ልክ የ1 ትልቅ ብርቱካን ልጣጭ ይበቃል። በሎሚ ከሆነ ተጠንቀቂ፣ የኛ ሎሚ ልጣጩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ነጩ ላይ ይደረሳል።

ማንጎ ካልሆነ አይሆንም ካለች ማንጎውን ፍጪና በወንፊት አጥልይው። በዝግታ እሳት እያማሰልሽ እንደ ማርመላታ እስኪወፍር አፍይው። ሊጡ ውስጥ ከ1 የሾርባ ማንኪያ በላይ አትጨምሪ። እኔ ግን ማንጎን ለአይሲንግ፣ ማለት ከተጋገረ በኋላ ላዩ ላይ ለሚቀባው የስኳር ቅብ ነው የማስቀምጠው።

ኬሚስትሪ አስተማሪ፦
ስለ ቀለሙ ልመልስ። የቀይ ስር ቀለም ሙቀት አይችልም። ኦቨን ውስጥ ቡናማ መሆኑ አይቀርም፤ የሎሚ ጠብታ ትንሽ ይረዳዋል እንጂ አያድነውም። ስለዚህ ሊጡን ነጭ ተዪው። ቀለሙን ከተጋገረ በኋላ በአይሲንግ ስጪው፣ እሳት ስለማያገኘው እንዳለ ይቀመጣል።

አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሲንግ ሹገር (እንደ ዱቄት የደቀቀ ስኳር) ላይ ጭማቂውን በሻይ ማንኪያ እየቆጠብሽ ጨምሪ። ከማንኪያው ላይ እንደ ማር በቀስታ ሲወርድ ልክ ነው። ለቀይ፦ ጥሬ ቀይ ስር ፈቅፍቀሽ በጨርቅ ጭመቂና ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጨምሪበት። ሎሚው የአፈር ሽታውንም ይቀንሰዋል። ለቢጫ፦ ያ የወፈረው ማንጎ። ለአረንጓዴ፦ የቆስጣ ቅጠል ከጥቂት ውሃ ጋር ፈጭተሽ አጥልይ። ጥቂት ጠብታ በቂ ነው፣ የሎሚ ጭማቂ ሲታከልበት ጣዕሙ አይታወቅም።

እርድ መጠቀም ከፈለግሽ ለቢጫ ይሆናል፣ ሙቀትም ይችላል። ቤኪንግ ሶዳ ያለበት ሊጥ ውስጥ ግን አታድርጊው፣ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል።

የአዲስ ዓለም ልጅ፦
እንኳን አደረሳት ለልጅሽ። ሱቅ የሚሸጠው የጄሊ ዱቄትም ቀለምና ጣዕም አንድ ላይ ይሰጣል፤ እንጆሪም ብርቱካንም አለው። ከስኳሩ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሰሽ በምትኩ እሱን ብታደርጊ ሊጡ ራሱ ይቀላል። ቀለሙ ግን የሱቅ ነው። ደግሞ አብዛኛው ጄላቲን አለበት፣ ጄላቲን ከእንስሳ ነው የሚሰራው። ለጾመኞቹ አይሆንም። የሙስሊም ጎረቤቶችሽን ልጆች ከጠራሽም ሐላል የሚል ጽሑፍ እንዳለው አይተሽ ግዢ። እናቶች ይህን ሳይጠይቁ ልጆቻቸው በልተው ቢገኙ ቅር ይላቸዋል።

እትዬ፦
ልጄ፣ የጾሙን እኔ ልንገርሽ። በቅቤው ፋንታ የአትክልት ማርጋሪን፤ ወተት አለመግባቱን ማሸጊያው ላይ አንብቢ። በእንቁላሉ ፋንታ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጪና እስኪዝለገለግ ተዪው። ሊጡን ይዞ ያቆመዋል። ጥቋቁር ነጠብጣብ ይታያል፣ አይሲንጉ ይሸፍነዋል። አይሲንጉ ያው ስኳርና ጭማቂ ስለሆነ ለሁሉም ይሆናል። የጾሙን ግን በሌላ ትሪ ጋግሪ፣ እንዳይቀላቀል።

ጋጋሪው፦
እትዬ ትክክል ናቸው። አንድ የረሳነው ነገር፦ ሊጡን ዳምጠሽ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 1 ሰዓት አቆይው። ከዚያ በቡና ሲኒ አፍ ቁረጪ፤ ሲኒውን ዱቄት እያስነካሽ፣ ሳታዞሪ ቀጥ አድርገሽ ተጫኚ። 180 ዲግሪ ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ዳሩ ብቻ መቅላት ሲጀምር አውጪ፣ መሃሉ ያልበሰለ ቢመስልሽም ውጭ ይደርቃል። ሁለተኛውን ዙር በጋለ ትሪ ላይ አትደርድሪ፣ ቅቤው ከመግባቱ በፊት ይቀልጣል።

የማክዳ እናት፦
ተባረኩ! በብርቱካን ልጣጩ ትንሽ ሞከርኩ፣ ቅርጹን ጠብቆ ወጣ። አሁን የሚያሳስበኝ መብራት ነው። የልደቱ ቀን ቢጠፋስ? ቀድሜ ብጋግረው ይበላሻል?

ጋጋሪው፦
አይበላሽም። ሳይቀባ በደንብ ቀዝቅዞ በክዳን ዕቃ ከታሸገ ሳምንት ያህል ይቆያል። አይሲንጉን ከልደቱ በፊት በነበረው ማታ ቀቢው፤ ለሱ መብራት አያስፈልግም። ሳትሸፍኚ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ላዩን በጣት ነክተሽ ካልያዘሽ መደራረብ ትችያለሽ። የማንጎው ከሌሎቹ ዘግይቶ ስለሚደርቅ እሱን መጀመሪያ ቀቢ።