ጥቆማ፦ ጆይስቲክ ለከበዳችሁም ለላላባችሁም፣ ከደሴ ማን ጋ፣ ከኮምቦልቻ ማን ጋ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድም «የበረራ ጆይስቲኬ ጠንክሮ እጄን አሳመመኝ፣ ደሴ ውስጥ የሚያላላልኝ ሰው ጠቁሙኝ» ብሎ ሲጠይቅ፣ ግማሹ መላሽ የፕሌይስቴሽን ጠጋኝ ነው የጠቆመው። አይፈረድም፤ እዚህ ጆይስቲክ ሲባል ሰው የሚታየው በሁለት እጅ የሚያዘው የጌም መጫወቻ ነው። እሱ የጠየቀው ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን፣ እንደ አውሮፕላን መሪ ያለውን ባለ አንድ ዘንግ ነው። የሁለቱ ሐኪም ለየቅል ነው። እኔ በዚህ ነገር ብዙ ስለተንከራተትኩ ያየሁትን ልጻፍ፤ ሌላው እንደኔ ዕቃው እንዳይበላሽበት።

የኔ ሎጊቴክ ኤክስትሪም ስሪ ዲ ፕሮ ነው። ማታ ማታ በሲሙሌተር፣ ማለትም በኮምፒውተር የበረራ ጌም፣ ከኮምቦልቻ ኤርፖርት (ሲሙሌተሩ ላይ ኤች ኤ ዲ ሲ ብላችሁ ፈልጉት) ተነስቼ በሐረጎ ተራራ በኩል ወደ ደሴ እወጣለሁ። ማኮብኮቢያው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደሴ ደግሞ ከዚያ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ከኋላዋ የጦሳ ተራራ አለ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ አውሮፕላን አቀበቱን የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። ዘንጉን ትንሽ አብዝታችሁ ከሳባችሁት ፍጥነት ይከዳችኋል። ዘንጉ ከባድ ሲሆን እጅ ይህን ትንሿን ልክ መያዝ ያቅተዋል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንጓዬ ይዝል ነበር።

መጀመሪያ የወሰድኩት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የሞባይል ጥገና ቤቶች ወደ አንዱ ነው፤ የቱ እንደሆነ ይቅር። ልጁ ፈታው፣ ሞላውን አወጣ፣ በፒንሳ ሁለት ዙር ቆርጦ መለሰው። «በቃ ላላልህ» አለኝ። መሐሉ ላይ እውነትም ላላ። ቤት ገብቼ ሳበር ግን ዘንጉ መሐል ላይ ይዋልላል፣ ወደ ጫፍ ስገፋው ደግሞ ክብደቱ ከበፊቱ ቶሎ ቶሎ ይጨምራል። ተናድጄ ነው ያደርኩት። ልጁ ግን በተንኮል አላደረገውም፤ ለሞባይል ስክሪንና ለቻርጀር ማስገቢያ እጁ የተባረከ ነው። ሞላ ግን ሌላ ትምህርት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላው ዘንጉ ላይ ተጠልቆ ከሥሩ ያለውን ክብ ፕላስቲክ ወደ ታች ይጫናል። ዘንጉን ስታዘነብሉት ክቡ ባንድ ጎኑ ይነሳና ሞላውን ይጨምቀዋል። ሞላው ሲገጠም ትንሽ ተጨምቆ ነው የሚገባው፤ ዘንጉን መሐል ላይ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ያ ቅድመ ጭነት ነው። ዙር ስትቆርጡ ሞላው ያጥርና ቅድመ ጭነቱ ይጠፋል፣ መሐሉ ይላላል። የቀሩት ዙሮች ግን ያነሱ ስለሆኑ እያንዳንዱ ሚሊሜትር የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ከ10 ዙር 2 ብትቆርጡ ሞላው በ25 በመቶ ይጠነክራል። ለማለስለስ መቁረጥ ማለት መሐሉን አዋልሎ ክብደቱ ቶሎ ቶሎ እንዲጨምር ማድረግ ነው።

ሞላን ማለስለሻው አንዱ መንገድ ሽቦውን ማቅጠን ነው፣ ለውጡም ትልቅ ነው። የዙሩ ስፋትና ብዛት ሳይነካ ሽቦውን ከ1.6 ሚሊሜትር ወደ 1.4 ብታወርዱት ጥንካሬው በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩት።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች ቶርኖ ቤቶቿ ከማሽን ጋር የኖሩ ናቸው። የገባሁበት ቤት ያሉት ጋሼ የተቆረጠውን ሞላ እጃቸው ላይ አገላብጠው «ልጄ፣ ይሄን ማን ነው የገደለው?» አሉኝ። በካሊብሮ የሽቦውን ውፍረትና የዙሩን ስፋት ለኩ፣ ከሳጥን ቀጠን ያለ የሞላ ሽቦ አወጡ። ሽቦውን የጠቀለሉበት ብረት ከሚፈለገው ስፋት ቀጠን ያለ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ሲለቁት ይከፈታላ» አሉ፤ እውነትም ሲለቁት ፈታ ብሎ ልኩ ላይ ቆመ። ሁለቱን ጫፎች በመሞረጃ ድንጋይ ሞረዱና ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ቀጥ ብሎ ቆመ። ጫፉ ጠፍጣፋ ካልሆነ ዘንጉ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ይህን ሳልነግራቸው ነው ያደረጉት። 400 ብር ከፈልኩ፣ ቡናም ጋበዙኝ።

እናንተም ስትሄዱ ጆይስቲኩን ሳይሆን ሞላውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተገጠመ በኋላ የሚኖረውን ቁመትም ለክታችሁ ጻፉ። ሽቦው የሞላ ሽቦ መሆኑን ጠይቁ። ተራ የማሰሪያ ሽቦ አንዴ ሲጨመቅ እንደተጨመቀ ይቀራል። የባጃጅና የሞተር መለዋወጫ ቤት ሞላ አለ የሚሏችሁም አሉ፤ ያየኋቸው ሁሉ ለዚህ ሥራ እጅግ ይጠነክራሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ክብደቱ ከሞላው መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ። ዘንጉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ከመሐል በጣም በቀስታ አንቀሳቅሱት። ከመሐል ሲርቅ ቀስ በቀስ የሚከብድ ከሆነ ሞላ ነው። መጀመሪያ አልንቀሳቀስ ብሎ ድንገት ዘለል የሚል ከሆነ ግን ሰበቃ ነው፤ ግሪሱ ደርቋል ወይም አቧራ ጠጥቷል። ደሴ ላይ ይህ ብዙ ነው። ወፍራም ግሪስ በብርድ ይጠነክራል፣ ክረምት ጠዋት ጠዋት የሚከብዳችሁና ከሰዓት የሚሻላችሁ ከሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው። ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ወስዶ ሲሞክረው «ዳነልኝ» ብሎ ተመለሰ፤ ያዳነው ሙቀቱ ነው።

ለዚህ ቶርኖ ቤት አያስፈልግም። አሮጌውን ግሪስ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ሲሊኮን ግሪስ በስሱ ቀቡ። የመኪና መለዋወጫ ቤቶች ለፍሬን ፒን የሚሆን ብለው ይሸጡታል። ቫዝሊን የሚቀቡ አሉ፣ እባካችሁ ተዉት፤ ጎማና አንዳንድ ፕላስቲክ ይጎዳል፣ አቧራም ይሰበስባል። የበር ማጠፊያ ላይ የሚረጨውን ዘይት ደግሞ ጭራሽ አታስጠጉት፤ ያለውን ግሪስ አጥቦ ይወስድና ራሱ ይደርቃል።

ላላብኝ ለምትሉ መፍትሔው ቀላል ነው። ከሞላው ሥር ሮንዴላ መጨመር ቅድመ ጭነቱን ይመልሳል። ከአንድ ሚሊሜትር ጀምራችሁ ሞክሩ። በዛ ካለ ዘንጉ ጫፍ ሳይደርስ የሞላው ዙሮች እርስ በርስ ይገጥሙና ፕላስቲኩን ይሰብራል።

ገና ልግዛ ለምትሉ፦ እንዲህ ያለውን ዕቃ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ወይም ከዱባይ ለሚመጣ ሰው ማዘዝ ስለሆነ አንዴ በደንብ አስቡበት። ኤክስትሪም ስሪ ዲ ፕሮ ጠንካራ ዕቃ ነው፣ ግን ጥንካሬውን የምታስተካክሉበት ምንም የለውም። ትረስትማስተር ቲ ፍላይት ሆታስ ኤክስ ከሥሩ ማዞሪያ አለው፤ ሞላውን ትጫኑታላችሁ ወይም ታላሉታላችሁ፣ መፍታት አያስፈልግም። እጁ ቶሎ ለሚዝል ወይም ከልጁ ጋር ለሚጋራ ሰው እኔ ይህን ነው የምመክረው። የዚያው የትረስትማስተር ቲ 16000 ኤም ማዞሪያ የለውም፣ ግን ዘንጉ የሚነበበው በማግኔት ሴንሰር ስለሆነ ትክክለኛነቱ ከሁለቱም ይበልጣል፣ ለግራኝም ይገለበጣል። ቪኬቢ ግላዲያተር ሞላው እንዲቀየር ታስቦ የተሠራ ነው፤ አቅም ያለው እሱን ይውሰድ።

የፕሌይስቴሽን መጫወቻ ለጠየቃችሁኝ፦ የአውራ ጣቷ ዘንግ ሞላ በውስጧ የታሸገ ነው፣ አይስተካከልም፤ ሙሉ ክፍሏ ነው የሚቀየረው። እዚህ ላይ የፒያሳ ሞባይል ጠጋኞች ጎበዞች ናቸው። ማግኔት ሴንሰር ያላትን አስገቡ፣ ከቀየሩ በኋላም መሐሏ በኮምፒውተር መስተካከሉን ሳታዩ አትክፈሉ። ጥንካሬው በእጅ የሚስተካከለው የኤክስቦክስ ኤሊት ሲሪስ 2 ነው፣ 3 ደረጃ አለው።

አንድ ሳንቲም ሳታወጡ መሞከር የምትችሉት ደግሞ ሲሙሌተሩ ውስጥ ያለውን የሴንሲቲቪቲ መስመር (ዘንጉ ሲነካ አውሮፕላኑ ምን ያህል እንደሚመልስ የሚወስነውን) ነው። መሐሉን ለስለስ አድርጉት፣ ጫፉ እንዳለ ይሁን። እጃችሁ ላይ ያለውን ክብደት አይቀንስም፣ አውሮፕላኑ ግን ለትንሽ ንክኪ አይደነግጥም። እኔ አዲሱን ሞላ ከገጠምኩ በኋላም ይህን አልተውኩትም።

ደሴ ውስጥ 1.4 ሚሊሜትር የሞላ ሽቦ ያለው ቶርኖ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ሰፈሩን ጻፉልኝ። ሸዋ በር አካባቢ ሁለት ቤት ጠይቄ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው ያላቸው፤ የጠየቀው ወንድማችን ለአንድ ሞላ ሐረጎን ባይወርድ ደስ ይለኛል።