ለኤልክ (ለትልቁ የአሜሪካ አጋዘን) አደን የትኛው ጠመንጃ? ቅዳሜ እወጣለሁ፣ ድረሱልኝ!

የአውሮራው፦ የጠመንጃዬ ሰደፍ ዛሬ ተሰነጠቀ። ሠሪው ሁለት ሳምንት ይፈጃል አለ። ጓደኛዬ 243 (ቁጥሩ የጥይቱ ዓይነት ነው) ላውስህ ይለኛል። ባለሱቁ ደግሞ 300 ዊንቸስተር ማግነም ግዛ እያለኝ ነው። የቱን ልያዝ?

ጋሽ አዳኝ፦ ልጄ፣ የምትተኩሰው ከስንት ሜትር ነው? የአደን ፈቃድህስ የወንድ ኤልክ ነው የሴት? ወንዱ ኤልክ 300 ኪሎ ይደርሳል። እኛ ባደግንበት አገር ጥይት ውድ ስለነበር ሳይጠጉ አይተኮስም ነበር። አሁን ግን ሁሉም ነገር በትልቅ ጥይት የሚሞላ ይመስላችኋል። መጀመሪያ መጠጋት ተማር።

ማሂ፦ 308፣ 30-06 ወይም 270። አለቀ።

እህተ ማርያም፦ ወንድሜ፣ ጽጌ ጾም አይደል እንዴ? ምን አስቸኮለህ?

የአውሮራው፦ ፈቃዴ ለዚህ ሳምንት ብቻ ነው እህቴ። ሥጋው ፍሪዘር ይገባል። ጋሼ፣ ፈቃዱ የሴት ነው፤ ከ200 ሜትር በላይ አልተኩስም።

ባለ ጋራው፦ 243 በእኛ ግዛት በኮሎራዶ ይፈቀዳል፤ ለኤልክ ግን የጥይቱ እርሳስ (ተወርዋሪው ጫፍ) ከ85 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) ማነስ የለበትም። ችግሩ ስህተትን አይምርም። የትከሻ አጥንት ላይ ካረፈ እንስሳዋ ቆስላ ጫካ ትገባለች። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። 300ው ኃይሉ ይበቃል፤ ግን ትከሻ ይመታል። ካልለመድከው ምላጩን ስትስብ ዓይንህን ትጨፍናለህ። ለ200 ሜትር 308 በ165 ወይም በ180 ግሬን ይበቃሃል። ከፊት እግሯ ኋላ፣ ሳንባዋ ላይ አነጣጥር።

ማሂ፦ 308 አልኩ እኮ።

ሕግ አዋቂው፦ ለመግዛት ካሰብክ ልብ በል። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ኮሎራዶ ውስጥ ጠመንጃ ገዝተህ ለመረከብ ቢያንስ 3 ቀን ትጠብቃለህ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከጓደኛ ከተዋስክም ከ72 ሰዓት በላይ አታቆየው። ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስና ኮፍያ ግዴታ ነው።

የአውሮራው፦ ተመስገን! 308 የሚያውሰኝ ሰው ተገኘ። ዓርብ እረከባለሁ።

ባለ ጋራው፦ ጎሽ! ግን ሳትሞክረው ጋራ እንዳትወጣ። የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር የምታድንበትን ጥይት ራሱን እየተኮስክ አስተካክል። ጥይት ሲቀየር የሚያርፍበት ቦታም ይቀየራል። ስንት ግሬን ገዛህ?

ጋሽ አዳኝ፦ ልጄ፣ ሰኞ ሆነ እኮ። እንዴት ሆንክ?