«ብርቱካን» የሚለው ቃል ከ«ብርቱ» ጋር ዝምድና አለውን?

ጥያቄ፦
አንድ ወዳጄ «ብርቱካን» የተባለው ፍሬ ስሙን ያገኘው «ብርቱ» ከሚለው ቃል ነው፣ ለታመመ ሰው ብርታት ስለሚሰጥ እንዲህ ተባለ ብሎ ይከራከረኛል። እኔ ግን «ካን» የምትለዋ ጭራ ከየት እንደ መጣች ብጠይቀው መልስ አጣ። ነገሩን የምታውቁ ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦
የወዳጅዎ ትርጓሜ ለጆሮ ይጥማል እንጂ መሠረት የለውም። የቃሉ ሥር ፖርቱጋል የተባለችው አገር ስም ነው፤ በዓረብኛ «ቡርቱቃል»፣ በቱርክኛ «ፖርታካል»፣ በግሪክኛ «ፖርቶካሊ» ይባላል። የሜዲትራንያን ሕዝቦች አስቀድመው የሚያውቁት ዓረቦች «ናራንጅ» የሚሉትን ኮምጣጣውን ዝርያ ነበር። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 እ.ኤ.አ. ሕንድ ከደረሰ በኋላ ግን የፖርቱጋል ነጋዴዎች ጣፋጩን ዝርያ በስፋት ስላሰራጩት፣ ፍሬው በሻጮቹ አገር ስም ተጠራ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። እንግዲያውስ በ1541 እ.ኤ.አ. ከክሪስቶቫው ዳ ጋማ ጋር ወደ አገራችን የገቡት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ስሙን አስተምረውን ይሆን?

ሌላ መልስ፦
ግምቱ ያጓጓል፤ ነገር ግን ቃሉ ራሱ ይመሰክርበታል። ፖርቱጋሎች ፍሬውን የሚጠሩት «ላራንጃ» ብለው ነው፤ በገዛ አገራቸው ስም አይጠሩትም፣ ለምንስ ይጠሩታል? ከእነርሱ አፍ ሰምተነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለ«ላራንጃ» የቀረበ ቃል ይኖረን ነበር። የእኛ ቃል በ«ን» ማለቁም መንገዱን ይጠቁማል፤ በግብፅ የንግግር ዓረብኛ ፍሬው መጨረሻው «ል» ሳይሆን «ን» በሆነ ቃል ይጠራልና። ስለዚህ ስሙ የደረሰን በዓረብኛ ተናጋሪዎች በኩል ነው ማለት ይቀላል። ይህ ስለ ቃሉ እንጂ ስለ ዛፉ የተነገረ አይደለም፤ ሁለቱ የግድ አብረው አይጓዙም። ትግርኛ «ኣራንሺ» የሚለው ከጣልያንኛ ወስዶ ነው፤ ደቾች ደግሞ ትውልዱን አስበው «የቻይና ፖም» ይሉታል።

ተጨማሪ፦
«ትርንጎ»ም ከዚሁ ወገን ነው፤ በፋርስኛና በዓረብኛ «ቱሩንጅ» ከሚባለው ጋር ይዛመዳል። ሁለቱም ፍሬዎች በአገራችን የሴት ስም ሆነዋል። ብርቱካን የተባለች ሴት ስሟን ሲጠሩት «ብርቱ» የሚለው ቃል ለአማርኛ ጆሮ ወዲያው ስለሚሰማ፣ የወዳጅዎ ስሕተት ከዚያ የመነጨ ይመስለኛል።