የፈረንሳይኛና የጀርመንኛ የትምህርት ግብ እንዴት ይጻፋል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከፈረንሳይኛ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም። በሁለተኛ ደረጃ ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የጀርመንኛውንም ዕቅድ እንድጽፍ ተሰጠኝ። ጀርመንኛ ተምሬያለሁ፤ አስተምሬው ግን አላውቅም። ለሁለቱም ቋንቋዎች ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የትምህርት ግብ ጽፌ አስገባሁ። በማግስቱ ተመለሰልኝ። ጠርዙ ላይ በቀይ የተጻፈው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «መቻላቸውን በምን ታውቂያለሽ?»

የጻፍኩት ይህን ይመስል ነበር፦ «ተማሪዎች የኃላፊ ጊዜ ግሥ እርባታን በሚገባ ያውቃሉ።» «ተማሪዎች የቋንቋውን ባህል ያደንቃሉ።» ለጀርመንኛው ደግሞ ያንኑ ገልብጬ የቋንቋውን ስም ብቻ ቀየርኩ።

ጥያቄው ልክ ነው፤ መልሱ ግን ጠፋኝ። በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ አለን። ዓመቱ 34 ሳምንት ያህል ነው። ተማሪዎቹ ሁለቱንም ቋንቋ ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከጀርመንኛ መምህር

እህቴ፣ አይዞሽ። ሁላችንም መጀመሪያ የጻፍነው እንዲሁ ነበር። «ያውቃሉ» እና «ያደንቃሉ» የሚሉትን አውጪያቸው። በቦታቸው ክፍል ውስጥ ቆመሽ በዓይንሽ የምታዪውን ወይም በጆሮሽ የምትሰሚውን ነገር አስገቢ።

መነሻ የሚሆንሽ የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ያወጣው የጋራ የቋንቋ ማዕቀፍ ነው። ከጀማሪው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 ስድስት ደረጃ አለው፦ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1፣ ሲ2። እያንዳንዱ ደረጃ የተገለጸው «ይህን ማድረግ ይችላል» በሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ነው። የሰዋስው ዝርዝር የለበትም፤ ለየትኛውም ቋንቋ እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ስለሆነ።

ያንቺን አንድ ግብ እንውሰድ። «የኃላፊ ጊዜ እርባታን ያውቃሉ» ከማለት እንዲህ በይ፦ «ተማሪው ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ምን እንዳደረገ ከስድስት እስከ ስምንት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ጓደኛው ሁለት ጥያቄ ሲጠይቀው ይመልሳል።» ሰዋስውን በጎን ጻፊው። በፈረንሳይኛ ያ ልጅ «አቭዋር» እና «ኤትር» የሚባሉትን ረዳት ግሦች መለየት አለበት። በጀርመንኛ ደግሞ «ሃበን» እና «ዛይን»ን። ሰዋስው ያለዚህ አይሆንም፤ ግቡ ግን ውሎውን መናገሩ ነው።

የባህሉም እንዲሁ ነው። ማድነቅ ከማን ልብ ውስጥ ይታያል? «ለመምህር፣ ለጓደኛና ለማያውቀው ትልቅ ሰው ‹ቱ› (አንተ፣ አንቺ) ወይም ‹ቩ› (እርስዎ) የቱን እንደሚል መርጦ ምክንያቱን ይናገራል» ብትይ ግን ይታያል። በጀርመንኛ «ዱ» እና «ዚ» ነው። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እያለ ላደገ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል።

መልስ፦ ከቀድሞ ተማሪ

መምህር አይደለሁም፤ የተማርኩ ሰው ነኝ። አራት ዓመት ጀርመንኛ ተምሬ የአራቱን የስም ሙያ (ባለቤት፣ ተሳቢ የመሳሰሉትን) ሰንጠረዥ በቃሌ እወጣው ነበር። ፈተናም ጥሩ አመጣ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ጀርመናዊት ስትናገር ሰማሁ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የያዝኩት ሦስት ቃል ብቻ ነው። በጣም አዘንኩ። በአራት ዓመት ውስጥ ከመምህራችን ድምፅ ሌላ ሰምተን አናውቅም ነበር።

እባክሽ እህቴ፣ ማዳመጥን ለብቻው ግብ አድርጊው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ። የተለያየ ሰው ድምፅ ይስሙ፦ የወንድ፣ የሴት፣ የልጅ፣ የሽማግሌ።

መልስ፦ ከሌላ የፈረንሳይኛ መምህር

ወንድማችን ያለው ለፈረንሳይኛ እጥፍ ይሠራል። እኔም ግቡን ገልብጦ ስም መቀየር እንደማያዋጣ መናገር ፈልጌ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ተማሪውን የሚያስቸግሩት በተለያየ ቦታ ነው።

ፈረንሳይኛ የሚያስቸግረው በጆሮና በብዕር መካከል ነው። «መናገር» የሚለውን ግሥ አርቡት፦ ዠ ፓርል፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል። እነሱ ለማለትም ኢል ፓርል። ለጆሮ አራቱም አንድ ናቸው። ወረቀት ላይ ግን መጨረሻቸው ሦስት ዓይነት ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ አሳምሮ ተናግሮ ሲጽፍ ሊሳሳት ይችላል። መናገርና መጻፍን በአንድ ግብ ከጠቀለልሻቸው ያን ልጅ ትበድይዋለሽ።

ደግሞ «ይወዳል» ማለት «ኢል ኤም» ነው፤ «ይወዳሉ» ሲሆን «ኢል ዜም» ይሆናል። ልዩነቱ መሃል የገባችው «ዝ» ብቻ ናት። እኔ ለ9ኛ ክፍል የጻፍኩት ግብ ይኸውና፦ «ተማሪው አሥር አጫጭር ዓረፍተ ነገር ሰምቶ፣ በስምንቱ ስለ አንድ ሰው ይሁን ስለ ብዙ እየተነገረ እንደሆነ ይለያል።» ትንሽ ግብ ናት። ግን ስትሳካ የልጆቹን ፊት ማየት ነው!

ቁጥርንም አትርሺ። 70 በፈረንሳይኛ «ስልሳ አሥር» ነው፤ 80 «አራት ሃያ»፤ 90 «አራት ሃያ አሥር»። ቤልጅየምና ስዊዘርላንድ ለ70 እና ለ90 የራሳቸው ቃል አላቸው። በጀርመንኛ ደግሞ 21ን «አንድና ሃያ» ብለው ነው የሚጠሩት። «ተማሪው ስልክ ቁጥር ሰምቶ ሳይሳሳት ይጽፋል» የሚል ግብ ለሁለቱም ይሆናል፤ ችግሩ ግን በየቋንቋው ሌላ ነው።

መልስ፦ ከጀርመንኛ መምህር

ልክ ብሏል። የጀርመንኛውን ልጨምርልሽ። ጀርመንኛ የተጻፈውን ማንበብ ቀላል ነው፤ ደንቡን የያዘ ልጅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጮክ ብሎ ያነባል። የሚከብደው የስም ጾታና ሙያ ነው። ጾታው ሦስት ነው፤ ሙያው አራት። ጠረጴዛ በጀርመንኛ ወንድ ነው፣ «ዴር ቲሽ»። በፈረንሳይኛ ሴት ናት፣ «ላ ታብል»። ሁለቱንም የሚማር ልጅ ካለሽ ይህ በየቀኑ ያደናግረዋል። ስለዚህ ስምን ያለ መስተአምሩ፣ ማለትም ከፊቱ ያለ «ዴር» ወይም «ላ» ያለ ቃል ሳይኖር፣ አታስተምሪ። ግቡም ውስጥ «ስምን ከነጾታው» ብለሽ ጻፊው።

ተሳቢው ግን ለአማርኛ ተናጋሪ የተዘጋጀ ስጦታ ነው። «ውሻው ሰውየውን ይነክሰዋል» በጀርመንኛ «ዴር ሁንት ባይስት ዴን ማን» ነው። ያቺ «ዴን» የኛን «ን» ነው የምትሠራው፤ እርግጥ የምትታየው በወንድ ጾታ ላይ ብቻ ነው። ቦታ ቀይረሽ «ዴን ማን ባይስት ዴር ሁንት» ብትይም ነካሹ ያው ውሻው ነው። «ሰውየውን ውሻው ይነክሰዋል» እንደምንለው ማለት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ስጽፈው ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ሳይቀሩ ቀና ይላሉ።

በጥገኛ ዓረፍተ ነገርም ግሡ መጨረሻ ይሄዳል፤ እንደ አማርኛው። 11ኛ ክፍል ላይ አስገቢው።

ጥያቄ፦ ከአንድ ወላጅ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ልጄ 9ኛ ክፍል ናት፣ ጀርመንኛ ጀምራለች። 12ኛን ስትጨርስ ቢ2 ትደርሳለች ተብለናል። ይሆናል?

መልስ፦ ከጀርመንኛ መምህር

እናቴ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም የሆነው ጎተ ኢንስቲትዩት ከዜሮ ጀምሮ ባለ 45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሲቆጥር ለኤ1 ከ80 እስከ 200፣ ለኤ2 ከ200 እስከ 350፣ ለቢ1 ከ350 እስከ 650 ያህል ይላል። በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ በ34 ሳምንት 102 ነው። በአራት ዓመት 408 ይሆናል። ስለዚህ በክፍል ትምህርት ብቻ ኤ2ን በደንብ መጨረስ ለሁሉም ይቻላል። ቤት ውስጥ የሚያዳምጡና የሚያነቡ ልጆች ቢ1 ይደርሳሉ። ቢ2 በዚህ ሰዓት ብቻ አይደረስም። ልጅቷ ባልደረሰችበት እንዳትወቀስ ይህን ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ለመምህርቷም ያው ነው፦ 9ኛ ኤ1፣ 10ኛ ኤ1ን አጽንቶ ኤ2 መጀመር፣ 11ኛ ኤ2፣ 12ኛ ኤ2ን አጠናቆ ወደ ቢ1 መሻገር። ፈረንሳይኛውንም በዚሁ ልክ ብታስቀምጪው አትሳሳቺም።

መልስ፦ ከፈተና አዘጋጅ

ሰዋስው በጎን ይጻፍ የተባለው ላይ ትንሽ እለያለሁ። በጎን ከተጻፈ ብዙ መምህር ይዘለዋል። እኔ ከእያንዳንዱ ግብ ሥር «ለዚህ የሚያስፈልገው ሰዋስው» የሚል መስመር አድርጌ፣ ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ አስቀምጣለሁ። አራተኛ ከመጣ ግቡ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ለሁለት እከፍለዋለሁ።

አራቱን ክሂሎች ማመጣጠንም አለ። የፈረንሳይኛው የዴልፍ ፈተና ማዳመጥን፣ ማንበብን፣ መጻፍንና መናገርን እኩል 25 ነጥብ ይሰጣቸዋል። ለማለፍ ከ100 ውስጥ 50 ያስፈልጋል፤ በአንዱ ክሂል ብቻ ከ5 በታች ያመጣ ግን ድምሩ ቢሞላም ይወድቃል። የጎተ ቢ1 ፈተናም አራት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ ከ100 ውስጥ 60 ይጠይቃል። ተማሪዎችሽ ፈተናዎቹን ባይወስዱም ግቦችሽን በዚህ ዓይን እያቸው። አሥር ግብ ጽፈሽ ሰባቱ የመጻፍ ከሆኑ ሚዛኑ ተዛብቷል።

ጠያቂዋ ተመልሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ሁሉንም ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። ለ10ኛ ክፍል ሁለቱን ልለጥፍና እዩልኝ።

ፈረንሳይኛ፦ «ተማሪው ሁለት ሰዎች ቀጠሮ ሲይዙ የሚያሳይ የ1 ደቂቃ የድምፅ ቅጂ ሁለት ጊዜ ሰምቶ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይጽፋል።» ሰዋስው፦ የሰዓት አነጋገር፣ የቦታ መስተዋድድ።

ጀርመንኛ፦ «ተማሪው ስለ ቤተሰቡ ይናገራል፤ ማን ምን እንዳለውና ምን እንደሚወድ ይገልጻል።» ሰዋስው፦ ተሳቢ፣ የባለቤትነት ቃላት።

መልስ፦ ከፈተና አዘጋጅ

የመጀመሪያው አልቋል፤ አትንኪው። ሁለተኛው ላይ ለስንት ደቂቃ እንደሚናገር፣ ማስታወሻ ይዞ ይሁን ሳይዝ፣ ለክፍሉ ሁሉ ይሁን ለአንድ ጓደኛው ጨምሪበት። ከዚያ አስገቢው።