ክፍያ መዝግቤ ስመለስ ዝርዝሩ አይታደስም፤ አንዱ ስክሪን ለሌላው እንዴት ይንገር? (ፍላተር)

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሰፈራችን እድር በፍላተር (የስልክ አፕ መሥሪያ) ትንሽ አፕ እየሠራሁ ነው። አንዱ ስክሪን የአባላት ዝርዝር ነው። ስም ሲነካ ሌላ ስክሪን ይከፈትና የወሩ መዋጮ ይመዘገባል። መዝግቤ ስመለስ ግን ዝርዝሩ አሁንም «አልከፈሉም» ይላል። አፑን ዘግቼ ስከፍተው ይስተካከላል። ባለፈው እሑድ ገንዘብ ያዣችን ያልገባ መስሏት የአንዲት እናት 100 ብር ሁለቴ መዘገበች። በጣም ደነገጥኩ። ዳታውን የምጭነው ኢኒትስቴት ውስጥ ነው። ከታች ያለው «ማጠቃለያ» የሚለው ታብም ድምሩን አያድስም። ምን ላድርግ?

የማታ ኮደር፦
አይዞሽ፣ ዘግተሽ ስትከፍቺው ከተስተካከለ መረጃው ገብቷል ማለት ነው። ኢኒትስቴት የሚሠራው ስክሪኑ ሲፈጠር አንዴ ብቻ ነው። መመዝገቢያው ከላይ ሲከፈት ዝርዝሩ ከሥር እንዳለ ይቆያል፤ ስትመለሺ እንደ አዲስ አይፈጠርም።

ናቪጌተር ፑሽ (አዲስ ስክሪን የሚከፍተው) ፊውቸር፣ ማለትም በኋላ የሚደርስ ውጤት፣ ይመልሳል። ስለዚህ አዌይት አድርገሽ ውጤቱን ጠብቂ። መመዝገቢያው ላይ ሴቩ ሲያልቅ ፖፕ ስታደርጊ (ስክሪኑን ስትዘጊ) ትሩ («አዎ» የሚል እሴት) አብረሽ ላኪ። ዝርዝሩ ትሩ ከደረሰው ዳታውን እንደገና ይጫንና ስክሪኑ እንደገና እንዲሳል ሴትስቴት ይጥራ። ሰውየው ሳይመዘግብ በስልኩ መመለሻ ከወጣ የሚመጣልሽ ነል (ባዶ) ነው፤ እሱንም አስቢበት። ከአዌይት በኋላ ስክሪኑ ማውንትድ (አሁንም ያለ) መሆኑን ሳታዪ ሴትስቴት አትጥሪ።

ጀማሪዋ፦
ዝርዝሩ ሠራ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ማጠቃለያው ግን ያው ነው። ታቦቹ ኢንዴክስድ ስታክ (ሌሎቹን ሳያጠፋ አንዱን ብቻ የሚያሳይ) ውስጥ ናቸው። ግሎባል ስትሪም ኮንትሮለር (ከየትኛውም ስክሪን መልእክት የሚላክበት መስመር) አድርጌ «ተከፈለ» የሚል ኢቨንት ብልክስ?

ሞባይል ሠሪው፦
ይሠራል፣ ግን ለገንዘብ ነገር እኔ አልመርጠውም። ተራ ስትሪም አንድ አድማጭ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ሁለተኛው ሲመጣ ኤረር ይወረውራል። ብሮድካስት (ብዙ አድማጭ የሚቀበል) ብታደርጊው ደግሞ አድማጭ በሌለበት ሰዓት የተላከ ኢቨንት ጠፍቶ ይቀራል። ዲስፖዝ ላይ (ስክሪኑ ሲጠፋ) ማድመጡን ካንስል ማድረግ ከረሳሽ ሌላ ጣጣ አለው።

ማጠቃለያው የሚፈልገው ድምሩን ነው። ስለዚህ ክፍያዎቹን አንድ ቦታ አስቀምጪ። ከቼንጅ ኖቲፋየር (ለውጥን ለአድማጮቹ የሚያሳውቅ) የሚወርስ አንድ ክላስ ሥሪ፤ ዳታቤዙ ላይ ጽፎ ሲጨርስ ኖቲፋይ ሊስነርስን ይጥራ። ሁለቱም ስክሪኖች በፕሮቫይደር (ዳታን ለስክሪኖች በሚያካፍል ፓኬጅ) ዎች ያድርጉት፤ ሲለወጥ ይታደሳሉ። በተን ሲነካ የሚሠራው ኮድ ላይ ግን ሪድ (ሳይከታተል የሚያነብ) ተጠቀሚ። ዝርዝሩም ከዚሁ ስለሚያነብ ያ ትሩ አያስፈልግሽም።

የዳታቤዝ ሰው፦
የእናትየዋ 100 ብር ግን በስክሪን ማደስ ብቻ አይዳንም። ሴቭ እያደረገ እያለ በተኑን ዝጊው። ዳታቤዙ ላይም አባል፣ ዓመትና ወር አንድ ላይ ዩኒክ (የማይደገሙ) ይሁኑ። ወሩን ከክፍያው ቀን አትውሰጂ፤ የኢትዮጵያን ወር ራሱን አስቀምጪ። ነሐሴ 29 የተከፈለ የነሐሴ መዋጮና መስከረም 2 የተከፈለ የመስከረም መዋጮ በፈረንጆቹ ሁለቱም ሴፕቴምበር ላይ ይወድቃሉ። ያኔ ዩኒኩ ሁለተኛውን ትክክለኛ ክፍያ ይመልስብሻል።

ጀማሪዋ፦
ሁሉንም አደረግኩ። መጀመሪያ መመዝገቢያው ስክሪን ላይ ፕሮቫይደሩ አልተገኘም የሚል ኤረር መጣ።

ሞባይል ሠሪው፦
ፕሮቫይደሩን ሆም (የመጀመሪያው ስክሪን) ውስጥ አስገብተሽው ይሆናል። በፑሽ የሚከፈት ስክሪን ከሆም ሥር አይደለም። ከማቴሪያል አፕ (ስክሪኖቹን ሁሉ ከሚይዘው) በላይ አውጪው።

ጀማሪዋ፦
እሱ ነበር! አሁን ስመዘግብ ድምሩም እዚያው ይቀየራል። የእናትየዋንም ትርፍ 100 ብር ከመዝገቡ አጥፍቻለሁ።